ድምፅ የማንሰጥበት ሥልጣን

በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የብረት ከተሞች አሉ። አንዷ ኢስት ቺካጎ ትባላለች፣ ሌላዋ ጋሪ። ሁለቱም ከብረት ፋብሪካ እንጀራ የሚበሉ፣ ሁለቱም በጥቀርሻ የጠቆሩ ከተሞች ነበሩ። ኢስት ቺካጎ የአየር ብክለትን የሚቆጣጠር ደንብ በ1949 አወጣች (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ጋሪ ግን እስከ 1962 ቆየች። ጭሱ ያው ነው፣ ሳሉም ያው ነው። ታዲያ 13 ዓመት ያዘገያት ምንድን ነው?

ማቲው ክሬንሰን የሚባል የፖለቲካ ተመራማሪ ይህን ጥያቄ ይዞ ተነሣ፤ ጥናቱም በ1971 ታተመ። ጋሪን በ1906 የቆረቆራት ዩ.ኤስ. ስቲል የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ነው። ስሟ እንኳ የተወሰደው ከኩባንያው ሊቀመንበር ከኤልበርት ጋሪ ነው። ኢስት ቺካጎ ውስጥ ግን ፋብሪካው የአንድ ኩባንያ ብቻ አልነበረም። ይህን የሰማ ሰው መልሱን ቶሎ ይገምታል፦ ጋሪ ላይ ኩባንያው ጉቦ ከፍሎ ወይም ከንቲባውን አስፈራርቶ ደንቡን አስቀረው። ክሬንሰን ያገኘው ግን ሌላ ነው። ኩባንያው ለብዙ ጊዜ ዝም አለ። አልደገፈም፣ አልተቃወመም፣ ጠበቃም አላሰለፈም። የከተማዋ ሰዎች ግን “ኩባንያው ምን ይል ይሆን?” እያሉ ጉዳዩን ሳያነሡት ዓመታት አለፉ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለነበር ማንም መናገር አላስፈለገውም፤ ያ ፋብሪካ ከተዘጋ ወይም ከቀነሰ ጋሪ የምትባል ከተማ አትኖርም።

ይህ ታሪክ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢያልፈውም ዛሬም ስለ ዴሞክራሲ ስንከራከር የምንስተውን ነገር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ገንዘብና ስለ ፖለቲካ ሲወራ አብዛኞቻችን የምንሮጠው ወደ ሌብነት ነው። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” እየተባለ ባደገ ሰው ዘንድ ሥልጣንና መብላት ተለያይተው አይታሰቡም። ስለዚህ መፍትሔውም ቀላል ይመስለናል። ሌባውን አስወግድ፣ ንጹሑን ሹም፣ በቃ። ሌብነቱ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ ሕጋዊ የሆነም አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2010 “ሲቲዝንስ ዩናይትድ” በተባለው ጉዳይ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ኩባንያዎች ከዕጩው ተለይተው በራሳቸው እስከተንቀሳቀሱ ድረስ ለምርጫ ቅስቀሳ ያሻቸውን ያህል ማውጣት ይችላሉ ብሎ ከወሰነ ወዲህ፣ እዚያ አገር ገንዘብ በምርጫ ውስጥ የሚጫወተው ሚና ማንም የሚደብቀው ነገር አይደለም።

ግን ነገሩን እዚያ ላይ ካቆምነው ትልቁን ክፍል እንስተዋለን። በካፒታሊዝም ውስጥ የሀብት ዋናው ጉልበት ጉቦ አይመስለኝም። ዋናው ጉልበቱ ሁሉም ሰው ሕግ አክብሮ፣ ማንም ማንንም ሳይገዛ በሚኖርበት አገር ውስጥም የሚሠራ ነው። ሌባውን ሁሉ ብታስሩ እንኳ ጋሪ ላይ የነበረው ዝምታ አይነካም።

የማኅበረሰብ ጥናት ሰዎች በዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ተሟግተዋል። ማክስ ቬበር ኃይል ማለት ሌላው ቢቃወምህ እንኳ ፈቃድህን የማስፈጸም ዕድል ነው ብሎ ነበር። ሚልስ የተባለው አሜሪካዊ ሶሺዮሎጂስት በ1956 ባሳተመው ሥራው አገሩን የሚመሩት በኩባንያ፣ በጦር ሠራዊትና በመንግሥት አናት ላይ የተቀመጡ፣ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች ናቸው አለ። ሮበርት ዳል ደግሞ “ማስረጃህ የታለ?” ብሎ ኒው ሄቨን ከተማ ገባና ውሳኔዎችን አንድ በአንድ አጠና። በ1961 ያወጣው መደምደሚያ በአንዱ ጉዳይ አንዱ ወገን፣ በሌላው ሌላው ወገን ያሸንፋል፤ ሁሉን የሚያሸንፍ አንድ ቡድን የለም የሚል ነበር። ጥሩ ክርክር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ግን ባክራክና ባራትዝ የተባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ቀዳዳ አሳዩ። ዳል ያጠናው ውሳኔ የተሰጠባቸውን ጉዳዮች ነው። ወደ ስብሰባ አዳራሹ ጨርሶ ያልገቡትስ? አጀንዳ እንዳይሆኑ የቀሩትስ? ስቲቨን ሉክስ በ1974 ከዚያም አልፎ ሄደ። ከሁሉ የከፋው ኃይል ሰው ቅሬታ እንዳለው እንኳ እንዳይሰማው፣ ያለው ሁኔታ የተፈጥሮ ሕግ እንዲመስለው የሚያደርገው ነው አለ።

እዚህ ላይ “ይሄ ሴራ መጠርጠር አይደለም ወይ?” የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። አሠራሩ ግልጽ ነው፣ ለማየትም ሚስጥር መፈልፈል አይጠይቅም።

አንድ የገንዘብ ሚኒስትር አስቡ። ንጹሕ፣ ሐቀኛ፣ ለድኻ የሚያስብ። መንግሥቱ ደሞዝ የሚከፍለው ከግብር ነው። ግብር የሚገኘው ሥራ ካለ ነው። ሥራ የሚኖረው ባለሀብት ገንዘቡን ፋብሪካ ላይ፣ ሱቅ ላይ፣ ግንባታ ላይ ካፈሰሰ ነው። ባለሀብቱን “አፍስስ” ብሎ ማዘዝ ደግሞ አይቻልም፤ መለመንና ማባበል ብቻ ነው የሚቻለው። ትርፉ የሚቀንስ ከመሰለው ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ወይም ገንዘቡን ወደ ሌላ አገር ይወስዳል። ማንንም መክሰስ፣ ማንንም ማስፈራራት አያስፈልገውም። የየራሱን ኪስ ብቻ የሚያስበው ሁሉ ተደምሮ ውጤቱ አንድ ይሆናል። ሥራ አጥነት ይጨምራል፣ ዋጋ ይንራል፣ የሚቀጥለው ምርጫ ይጠፋል። ስለዚህ ሚኒስትሩ ማንም ሳይነግረው፣ ቢሮው ቁጭ ብሎ፣ “ይህን ሐሳብ ባላነሣው ይሻላል” ይላል። የፖለቲካ ተመራማሪው ቻርልስ ሊንድብሎም በ1977 ባሳተመው ሥራ ይህን ነው ያብራራው። ቅጣቱ ፈራጅ የለውም፣ ገና ሕጉ ሳይወጣ ደግሞ ይጀምራል።

ፈረንሳይ ይህን በአደባባይ ነው ያየችው። ፍራንሷ ሚተራን በግንቦት 1981 በሕዝብ ድምፅ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ፓርቲያቸውም ምክር ቤቱን ተቆጣጠረ። ያሉትን አደረጉ፦ ትልልቅ ባንኮችንና ኢንዱስትሪዎችን ወደ መንግሥት አዛወሩ፣ ዝቅተኛውን ደሞዝ ከፍ አደረጉ፣ አምስተኛ ሳምንት የዓመት ፈቃድ ጨመሩ፣ የጡረታ ዕድሜን ወደ 60 አወረዱ። ገንዘብ ግን ከአገር መውጣት ጀመረ። ፍራንክ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከዋጋው ወረደ። በመጋቢት 1983 መንግሥቱ አቅጣጫውን ቀየረ፣ ወደ ቁጠባና ወደ ወጪ ቅነሳ ዞረ። በሁለቱ ዓመታት መካከል አዲስ ምርጫ ተደርጎ ሕዝቡ ፖሊሲውን አልሻረም፤ ፓርላማው ውስጥ የነበረው ብልጫም እንዳለ ነበር። በእርግጥ ስሕተቶች ነበሩ። ጎረቤት አገሮች ሁሉ ወጪ በሚቀንሱበት ሰዓት ብቻውን የሚያሰፋ አገር የንግድ ጉድለት እንደሚገጥመው ግልጽ ነው። ግን ስሕተቱን የሚዳኘው ማን ነው የሚለው ጥያቄ መልሱን አያጣም፤ በዚያ ጊዜ የዳኘው መራጩ አልነበረም።

የግሪክን ነገር ደግሞ ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተነዋል። በሰኔ 2015 መጨረሻ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ለግሪክ ባንኮች የሚሰጠውን የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ ጣራ ከነበረበት አላሳድግም አለ። በማግሥቱ ባንኮች ተዘጉ። ሰው ከኤቲኤም በቀን ማውጣት የሚችለው 60 ዩሮ ብቻ ሆነ። ጡረተኞች፣ ካርድ እንኳ ያልነበራቸው አዛውንቶች፣ በተዘጋ ባንክ በር ላይ ተሰለፉ። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ሕዝቡ ሐምሌ 5 ቀን ወጥቶ ድምፅ ሰጠ፤ አበዳሪዎቹ ያቀረቡትን የቁጠባ ውል 61 በመቶው “አይሆንም” አለ። ስምንት ቀን እንዳለፈ፣ ሐምሌ 13 ንጋት ላይ፣ ያው መንግሥት ሌሊቱን ሙሉ ሲደራደር አድሮ ሕዝቡ እምቢ ካለው የማይሻል ውል ተቀበለ። አበዳሪ ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቁ መብቱ ነው፣ እሱን አልክድም። የግሪክ መንግሥታትም ሒሳብ ሲያጭበረብሩ እንደነበር የታወቀ ነው። ግን ያ ሕዝብ የሰጠው ድምፅ ምን ሆነ? የት ገባ? ይህን ጥያቄ በቅንነት ሳይመልሱ ስለ ዴሞክራሲ ዋጋ ማስተማር አይቻልም።

ገበያው የሚቀጣው ግራ ዘመሙን ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ የብሪታኒያን የ2022 መስከረም ያስታውስ። ሊዝ ትረስ 45 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርስ የግብር ቅነሳ፣ ያውም ሀብታሙን በይበልጥ የሚጠቅም፣ መተኪያ ገቢውን ሳያሳዩ አወጁ። የመንግሥት ቦንድ ዋጋ ወደቀ፣ ፓውንድ ተንኮታኮተ፣ የእንግሊዝ ባንክ የጡረታ ፈንዶችን ለማዳን ጣልቃ ገባ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ በተሾሙ በ45ኛው ቀን መልቀቃቸውን አስታወቁ። እኔ ያንን ዕቅድ አልደግፍም ነበር። ሆኖም ውጤቱ ደስ ስላለን ብቻ አሠራሩን ማመስገን የለብንም። ዛሬ የማንወደውን ያባረረ ነገር ነገ የምንወደውን ያባርራል፤ ሁለቱንም ጊዜ ማንም አልመረጠውም።

አንዳንዴ ይሄ ጉልበት በወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ኡራጓይ በሲጋራ ፓኮ ላይ 80 በመቶውን ቦታ የሚሸፍን የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲደረግ ደነገገች። የሲጋራ ኩባንያው ፊሊፕ ሞሪስ በ2010 ከሰሳት። የከሰሳት ግን በመደበኛ ፍርድ ቤት አልነበረም። ኩባንያው ስዊዘርላንድ ውስጥ ድርጅት ስላለው፣ ኡራጓይና ስዊዘርላንድም የኢንቨስትመንት ጥበቃ ስምምነት ስላላቸው፣ በእሱ በኩል በዓለም ባንክ ሥር ባለ የግልግል ተቋም ነው የቀረበው። ሐምሌ 2016 ኡራጓይ ረታች፣ ኩባንያውም 7 ሚሊዮን ዶላር ለወጪ እንዲከፍላት ተወሰነ። ደስ ይላል። ግን ስድስት ዓመት ፈጀ። በዚያው ሰሞን ያው ኩባንያ አውስትራሊያንም ከሶ ነበርና ኒውዚላንድ በ2013 ተመሳሳይ ሕግ ለማውጣት ስታስብ “የአውስትራሊያ ጉዳይ እስኪለይ እንጠብቅ” አለች። ኒውዚላንድን ማንም አልከሰሰም። ክሱ ጎረቤቷ ላይ ነበር፤ እሷ ግን ጠበቀች። ጋሪ ከተማም የሆነችው ይህንኑ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መንግሥትና ስለ ገበያ ነው። ከዚህ ይልቅ ለብዙ ሰው የሚቀርበው ግን የሥራ ቦታው ነው፤ እዚያ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

አንድ ዐዋቂ ሰው በአራትና በአምስት ዓመት አንዴ ድምፅ ይሰጣል። በየቀኑ ግን ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር ሰዓት ሥራ ላይ ነው። ማርክስ በ1867 በታተመው ሥራው ይህንን ልዩነት በደንብ አይቶታል። በሥራ ገበያው ላይ ቀጣሪና ተቀጣሪ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ነፃ፣ ሁለቱም የሚሸጡት ነገር ያላቸው። ውሉ ተፈርሞ የፋብሪካው በር ሲከፈት ግን አንዱ ከፊት ይሄዳል፣ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ይከተላል። ኤልሳቤጥ አንደርሰን የተባለችው ፈላስፋ በ2017 ነገሩን ይበልጥ ጥርት አድርጋ አስቀመጠችው። ሰው ላይ የማዘዝና የመቅጣት ሥልጣን ያለው፣ ለሚያዛቸው ሰዎች ግን ተጠያቂ ያልሆነ አካል መንግሥት ነው፤ የግል መንግሥት። መቼ ሽንት ቤት እንደምትሄድ፣ ምን እንደምትለብስ፣ አንዳንዴም ከሥራ ሰዓት ውጭ ምን እንደምትጽፍ ይወስናል። “ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ” የሚለው ብሂል ከቤተ መንግሥት ቢወጣም ከቢሮና ከመጋዘን ገና አልወጣም።

“ካልተመቸህ ልቀቅ” ይባላል። መልቀቅ ለሚችል ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ አላቃልለውም። ነገር ግን አገሩ ያልተመቸው ሰው ተሰዶ መሄድ መቻሉ አገሩን ዴሞክራሲያዊ አያደርገውም። ቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ በየወሩ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ከሚለቀው ቀጣሪ ወደ ሌላ ያው ዓይነት ቀጣሪ ነው የሚሄደው።

አሁን ደግሞ አዛዡ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በመተግበሪያ የሚሠራ የታክሲ ሾፌር የሚያየው አለቃ የለውም። ሥራ የሚሰጠውም፣ ዋጋ የሚተምነውም፣ ነጥቡ ሲወርድ መለያውን የሚዘጋውም ስሌት ነው። ለምን እንደተዘጋ ቢጠይቅ የሚመልስለት አስቀድሞ የተዘጋጀ መልእክት ነው። በወረቀት ላይ ግን ተቀጣሪ አይደለም፣ “የራሱ አለቃ” ነው፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ደሞዝም፣ የሕመም ፈቃድም፣ የሥራ አጥነት መድንም አይመለከተውም።

የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በ2019 ይህን የሚለውጥ ሕግ አወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ከላይ ያነሣኋቸው ጉልበቶች ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስበው ይታያሉና። በነሐሴ 2020 ፍርድ ቤት ሾፌሮቹን እንደ ተቀጣሪ ቁጠሯቸው ብሎ ሲያዝ፣ ኡበርና ሊፍት አገልግሎቱን በግዛቱ ውስጥ ልናቆም ነው አሉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጊዜ ሰጣቸው። ከዚያም ከምግብ አድራሹ ዶርዳሽና ከሌሎች ጋር ሆነው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው ሾፌሮቹ ተቀጣሪ አይደሉም የሚል የራሳቸውን ሕግ ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ። እስከዚያ ድረስ በግዛቱ ታሪክ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ሕዝበ ውሳኔ አልነበረም። ቅስቀሳው በቴሌቪዥን ብቻ አልቀረም፤ ሾፌሩ ሥራ ለመጀመር፣ ተሳፋሪው መኪና ለመጥራት ስልኩን ሲከፍት መልእክቱ እዚያው ይጠብቀው ነበር። በኅዳር ወር 58 በመቶ ገደማ የሚሆነው መራጭ ደገፈው። ሕጉ ውስጥ ደግሞ አንድ አንቀጽ አለ። ምክር ቤቱ ወደፊት ሊያሻሽለው ቢፈልግ ከስምንቱ የሰባቱን እጅ ድምፅ ማግኘት አለበት። ኩባንያዎቹ አንድ ጊዜ በሕዝብ ድምፅ ያሸነፉትን፣ የሕዝብ ተወካዮች በተለመደው ድምፅ እንዳይነኩት አጥረውታል። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሐምሌ 2024 ሕጉ እንዲጸና ወሰነ።

ይህ ሁሉ በሕግ አግባብ የተደረገ ነው። ድምፅ አልተሰረቀም፣ ኮሮጆ አልተሞላም።

ሌላ ደግሞ ገንዘብ ሳይወጣበት የሚሠራ ነገር አለ። ፈረንሳዊው ሶሺዮሎጂስት ፒየር ቡርድዩ በ1979 ባሳተመው ጥናቱ የሕዝብ አስተያየት መጠይቆችን ሲያይ “አላውቅም” የሚሉትን ወይም ዝም የሚሉትን ልብ አላቸው። ጥያቄው ፖለቲካ ፖለቲካ በሸተተ ቁጥር ዝም የሚሉት ብዙ ያልተማሩት፣ ዝቅ ያለ ሥራ ላይ ያሉት፣ ሴቶቹም ነበሩ። ይህን ስንፍና ወይም ግድ የለሽነት ብሎ ማለፍ ይቻላል። እሱ ግን እንዲህ አየው፦ እነዚህ ሰዎች በጉዳዩ ላይ አስተያየት የመስጠት መብት እንዳላቸው አይሰማቸውም። “ይሄ የተማረ ሰው ነገር ነው” ይላሉ። ዛሬ ስለ ወለድ መጠን፣ ስለ ንግድ ስምምነት፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲወራ ስንቶቻችን ነን በልባችን እንዲህ የምንል? በብዙ የቆዩ ዴሞክራሲዎች ድኻው ከሀብታሙ ይልቅ ከምርጫ ጣቢያ ይቀራል። ማንም ከልክሎት አይደለም። ለእሱ የሚሆን ነገር እዚያ ስለማያገኝ ነው፤ እሱ በቀረ ቁጥር ደግሞ ፖለቲከኛው ለእሱ መናገሩን ይተዋል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት የሞከሩም አሉ። ጊሌንስና ፔጅ የተባሉ የፖለቲካ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት በአሜሪካ ከ1981 እስከ 2002 የተነሡ 1,779 የፖሊሲ ጥያቄዎችን ሰበሰቡ። የሀብታሞቹና የተደራጁ ቡድኖች ፍላጎት ከግምት ሲገባ፣ መካከለኛው ዜጋ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ወደ ዜሮ የተጠጋ ሆኖ አገኙት። የተቹዋቸው ደግሞ መካከለኛውና ሀብታሙ በአብዛኛው ጉዳይ የሚፈልጉት ተመሳሳይ መሆኑን አሳዩ። ትችቱ ትክክል ነው። ግን የሚያጽናና አይመስለኝም፤ መካከለኛው የሚያሸንፈው ሀብታሙ ሲስማማ ከሆነ ማሸነፉ የማን ነው?

“እሺ፣ ሀብቱን ሁሉ መንግሥት ይያዘው” የሚል መልስ ከድሮም አለ። እኔ አልስማማም፤ የማልስማማውም የካፒታሊዝም ጠበቃ ስለሆንኩ አይደለም። ቬበር በ1918 ሰኔ ወር ቪየና ላይ ለኦስትሪያ መኮንኖች ባደረገው ንግግር፣ የግል ካፒታሊዝም ቢጠፋ እየመጣ ያለው የሠራተኛው ሳይሆን የቢሮክራቱ አምባገነንነት ነው አለ። ያኔ የሩሲያ አብዮት ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚያ በኋላ በሶቭየት ኅብረት የሆነውን እናውቃለን። ነፃ የሠራተኛ ማኅበር የለም፣ አድማ የለም፣ አለቃውና መንግሥቱ አንድ አካል ሆኑ። ከአንድ ቀጣሪ ወደ ሌላ ቀጣሪ የመሸሽ ያቺ ትንሽ በር እንኳ ጠበበች። ሮበርት ሚሸልስ ደግሞ በ1911 የጀርመንን ሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ አጥንቶ ለእኩልነት የተቋቋመ ድርጅት ራሱ በጥቂት መሪዎች እጅ እንደሚወድቅ አሳየ። ስለዚህ ባለቤቱን መቀየር ብቻውን ጥያቄውን አይፈታም። ጥያቄው የሚታዘዘው ሰው አዛዡን መጠየቅና መሻር ይችላል ወይ ነው።

ይህ ደግሞ ሕልም ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው የምርጫ መብት ታሪክ ራሱ ነው። በፕሩሺያ ከ1849 እስከ 1918 ድረስ መራጩ በከፈለው ግብር ልክ በሦስት መደብ ይከፈል ነበር። ከጠቅላላው ግብር አንድ ሦስተኛውን የሚከፍሉት ጥቂቶች ልክ እንደ ብዙኃኑ ድኻ እኩል መራጭ ተወካዮችን ይመርጣሉ። በ1849 አንደኛው መደብ ውስጥ የነበሩት ከመራጩ 5 በመቶ እንኳ አይሞሉም፣ ሦስተኛው ውስጥ ግን 80 በመቶ በላይ ነበር። ኤሰን ከተማ ላይ የክሩፕ የብረት ፋብሪካ ባለቤት ብቻውን የከተማውን ምክር ቤት አንድ ሦስተኛ የመረጠበት ጊዜ ነበር። ያኔ ለብዙ የተማሩ ሰዎች ይሄ ተገቢ ነበር። ብዙ ያዋጣ ብዙ ይወስን፣ ምን ችግር አለው? ዛሬ ይህን ለከተማ ምክር ቤት የሚደግፍ ሰው ብናገኝ እንደነግጣለን። ለኩባንያ ግን ባለ ብዙ አክሲዮን ብዙ ድምፅ፣ ሠራተኛ ዜሮ ድምፅ መሆኑ አያስገርመንም።

የሞከሩ አገሮች አሉ። የስዊድን የሠራተኛ ማኅበራት በ1976 የሩዶልፍ ማይድነርን ዕቅድ ተቀበሉ፤ ትልልቅ ኩባንያዎች በየዓመቱ ከትርፋቸው የተወሰነውን በአዲስ አክሲዮን መልክ ለሠራተኞች ፈንድ እንዲሰጡ፣ በጊዜ ብዛት ፈንዶቹ ዋና ባለቤት እንዲሆኑ የሚያደርግ ነበር። ባለሀብቶቹ እንደዚያ ተቆጥተው አያውቁም። በጥቅምት 1983 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይዘው ስቶክሆልም ላይ ሰልፍ ወጡ። በመጨረሻ የወጣው ሕግ ብዙ የተቀነሰበት ነበር፣ እሱንም በ1991 ሥልጣን የያዘው መንግሥት አፈረሰው። ጀርመን ይህን ያህል አልሄደችም፣ ያደረገችው ግን ጸንቷል። በ1976 በወጣው ሕግ ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ባለው ኩባንያ የተቆጣጣሪ ቦርዱን ወንበር ግማሽ የሚይዙት የሠራተኛ ተወካዮች ናቸው። ኩባንያዎቹ አልተሰደዱም፣ ኢንዱስትሪውም አልፈረሰም። ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን ግን ሊቀመንበሩ ሁለተኛ ድምፅ አለው፤ ሊቀመንበሩ ላይ ስምምነት ከጠፋ ደግሞ መራጮቹ የባለአክሲዮኖቹ ተወካዮች ናቸው።

የአሁኑ ግንባር ያው የስልክ ውስጥ አለቃ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 መጨረሻ ላይ በመተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎችን የሚመለከት መመሪያ አጽድቋል። ኩባንያው እንደ አለቃ የሚያዝና የሚቆጣጠር ከሆነ ሠራተኛው ተቀጣሪ ነው ተብሎ ይገመታል፤ አይደለም የሚል ኩባንያ ማስረዳት አለበት። የሰውን መለያ የመዝጋት ውሳኔ ለስሌት ብቻ አይተውም፣ ሰው መወሰን አለበት። አባል አገራቱ እስከ ዲሴምበር 2026 መጀመሪያ ድረስ በየሕጋቸው ውስጥ እንዲያስገቡት ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። አለቃነት የሚታወቀው በምን ምልክት ነው የሚለውን ዝርዝር የሚጽፈው እያንዳንዱ አገር ነው። ይህን የሚከታተል ሰው የሚወጡትን አንቀጾች ብቻ አያንብብ። በረቂቁ ላይ የነበሩና ማንም በአደባባይ ሳይቃወማቸው የጠፉትን ይቁጠር፤ “ኩባንያው ይሄድብናል” በሚል የትኛው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሳይጠየቅ እንዳለዘባቸውም ይጠይቅ።